ስለ ውሻ ማይክሮቺፕ የጠየቃችሁኝ

ድሬዳዋ ውስጥ ውሾችን ማከም ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሰሞኑን «ለውሻችን ቺፕ እናስቀብርለት ወይ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ የጠየቃችሁኝን በአንድነት ልመልስ። ቺፕ ማለት የውሻውን መለያ ቁጥር የያዘ፣ ከቆዳ ሥር የሚቀበር ትንሽ ዕቃ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ሐረር ጀጎል ነው። ውሻዬ ሌሊት ወጥቶ ቢቀር ያለበትን ቦታ በስልኬ ያሳየኛል?

መልስ፦ አያሳይም። ቺፑ ባትሪ እንኳ የለውም። የሩዝ ፍሬ የሚያህል፣ ርዝመቱ 12 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የመስታወት ብልቃጥ ነው፤ በውስጡ ያለው 15 አሃዝ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ የሚታወቀው ማንበቢያ መሣሪያ በጣም ሲጠጋው ነው። ከጅብም አያስጥልም፤ እባክዎ ማታ በሩን ይዝጉ።

ጥያቄ፦ የድሬዳዋው ሳቢያን ሰፈር ሙቀት አያበላሸውም?

መልስ፦ በፍጹም። የውሻ ገላ ራሱ ክረምት ከበጋ ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ያሳምመዋል?

መልስ፦ ለእናቶች ክንድ ላይ እንደሚቀበረው የወሊድ መቆጣጠሪያ ከቆዳ ሥር ይገባል፤ ቦታው ከሁለቱ ትከሻዎች መካከል ነው። መርፌው ከክትባት መርፌ ይወፍራል፤ ማደንዘዣ ግን አያስፈልግም። ሐኪሙ ቺፑን ከመቅበሩ በፊትም በኋላም በመሣሪያው እንዲያነበው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ልጄ ውሻችንን ወደ ጀርመን ልትወስደው ነው። ባለፈው ወር ተከትቧል፤ ቺፑ አሁን ቢገባ ይበቃል?

መልስ፦ እኅቴ፣ አይበቃም። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቺፑ የሚገባው ከእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በፊት ወይም በዚያው ዕለት ነው፤ ከቺፑ የቀደመ ክትባት አይቆጠርም። ስለዚህ ውሻው እንደገና ይከተብ። ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሙ ይወሰድና ኅብረቱ በፈቀደው ላቦራቶሪ ይመረመራል። ደሙ ከተወሰደ በኋላ ደግሞ 3 ወር ይጠበቃል። ቲኬት ቆርጠው ሻንጣ ካሰሩ በኋላ ይህን ከእኔ የሰሙ ቤተሰቦች አሉ፤ ልጆቹ ውሻውን አቅፈው ሲያለቅሱ ማየት ከባድ ነው። አሜሪካም ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሚገባ ውሻ ሁሉ ቺፕ ትጠይቃለች። ቲኬቱን መጨረሻ ላይ ይቁረጡ።

ጥያቄ፦ ስልክ ቁጥሬ ቺፑ ውስጥ ይገባል?

መልስ፦ አይገባም። ቁጥሩን ከእርስዎ ጋር የሚያገናኘው መዝገብ ነው፤ የት እንደተመዘገበ ሳያረጋግጡ ከክሊኒኩ አይውጡ፤ ስልክ ሲቀይሩም ያሳውቁ። የአንገት ማሰሪያውንም አያውልቁለት። መጋላ ሰፈር ውስጥ ውሻዎን ያገኘ ልጅ ማንበቢያ መሣሪያ የለውም፤ ማሰሪያው ላይ የተጻፈውን ስልክ አይቶ ነው የሚደውልልዎ።