43ኛው ደቂቃ ላይ ያየችው ማንን ነው?

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ትዕግሥቴ ቢያልቅ ነው የምጽፍልዎ። እኔና ጓደኞቼ እዚህ ሐዋሳ የ71 ደቂቃ የፍቅር ፊልም ሠርተናል። የተጻፈ ቃለ ተውኔት የለውም። ሦስት ዓመት የቆዩ ፍቅረኛሞች ናቸው፤ ወንዱ አዲስ አበባ ሥራ አግኝቶ ነገ ማለዳ ሊሄድ ነው፤ የቀረቻቸው አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ናት። በእጃችን የነበረው 11 ገጽ ንድፍ ብቻ ነው። በየትዕይንቱ ማን ምን እንደሚፈልግ፣ ምን እንደሚደብቅ ሰፍሯል፤ ቃሉን ተዋንያኑ ከራሳቸው ያመጡታል። በሁለት ስልክና በአንድ ድምፅ መቅጃ በ9 ቀን ጨረስነው። ባጃጁም ምሳውም የተዋንያኑ ክፍያም ተደምሮ 94 ሺህ ብር ወጣ።

ሁለት ጊዜ አሳየነው። ዓርብ ማታ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ለቴአትር ክበብ ልጆች፣ እሑድ ደግሞ አቶቴ ለሰፈራችን ሰው፣ ለተዋንያኑ ቤተሰቦችና ለሥራ ባልደረቦቻቸው። ዓርብ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። «የእኔና የእሷን ጭቅጭቅ ከየት ሰማችሁት?» ያለኝ ልጅ አለ። እሑድ ግን 45ኛው ደቂቃ ግድም ሰው እየተነሣ መውጣት ጀመረ።

ከዚያ ወዲህ መግቢያ መውጫ አሳጡኝ። «ታሪኩ የታለ?» ይሉኛል። «ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ ለማየት ነው የጠራኸን?» ይሉኛል። ፍቅር ሐይቅ ዳር ከሰዓት በኋላ የቀረጽነውን፣ 18ኛው ደቂቃ ላይ የሚጀምረውን 9 ደቂቃ፣ «ነፋስ ነው የቀረጻችሁት» ይላሉ። የዓርቦቹ ደግሞ «አንዲት ሴኮንድ እንዳትነካ!» ይሉኛል። የሰፈሬ ሰው ፊልም አያውቅም ብዬ ልለፈው እልና መልሼ ያሳደገኝ ሰፈር ነው፣ ያመኛል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ምርጡን ትዕይንት መጥላታቸው ነው። የቡናው ጠብ ነው፣ 43ኛው ደቂቃ ላይ። ተዋናይቷ በልምምድ ወቅት ስለ ራሷ ያጫወተችኝ ነገር ነበር፤ ሽማግሌ ተልኮላት፣ ቀለበት አስራ፣ በኋላ እንደ ፈረሰባት። ቀረጻው ሊጀመር ሲል ለወንዱ ተዋናይ በጆሮው ነገርኩት፤ በጠቡ መሀል «የመጀመሪያውም ጥሎሽ የሄደው በዚህ አፍሽ ነው» አላት። አልጠበቀችም። እጇን ከጀበናው አንሥታ የቀለበት ጣቷን ያዘች፣ ከዚያ ቀና ብላ ካሜራውን አየች። አራት ሴኮንድ ያህል ነው። እንዲህ ያለ እውነት በየትኛው ስክሪፕት ይገኛል? ታላላቆቹ ዳይሬክተሮችም ተዋንያናቸውን እያስደነገጡ ነው የሚሠሩት። እሑድ የመጣው ሰው ግን «ካሜራ የምታይ ተዋናይ» ብሎ ተቸን።

ምክርዎን የምሻው ይህን ነው፦ ፊልሙን እንዳለ ዩቲዩብ ላይ ልልቀቀው ወይስ ስክሪፕት ጽፌ ግማሹን እንደገና ልቅረጽ? ልረሳው ነበር፤ ተዋናይቷ ከእሑድ ወዲህ ስልኬን አታነሣም። ስሜን ከፖስተሩ ላይ አንሡልኝ ብላ በጓደኛዋ ልካብኛለች። ውል ፈርማለች፣ ክፍያዋንም አጠናቅቄያለሁ። ይህ ነገር ፊልሙን ከመልቀቅ ያግደኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከሐዋሳ

መልስ

ወንድሜ፣

«ልረሳው ነበር» ካልከው ልጀምር። አዎ፣ ያግድሃል።

ያች ልጅ ካሜራ አላየችም። ቀና ስትል ያየችው ከስልኩ ጀርባ የቆምከውን አንተን ነው። ምሥጢሯን የነገረችው ለአንተ ነበር፤ ከሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ማን እንደ ሰጠው ለማወቅ አራት ሴኮንድ ይበቃታል። አንተ እውነተኛ ትወና ያልከው አንድ ሰው መከዳቱን ሲረዳ የሚታይ ፊት ነው።

አሁን ተመልካችህን እንደገና ቁጠረው። ዓርብ የመጡት ልጆች አያውቋትም። ለእነሱ በታሪኩ ውስጥ ያለች ሴት ናት፤ በፍቅረኛዋ ቃል ተጎዳች፣ አመኑ፣ አጨበጨቡ። የእሑዶቹ ግን ጎረቤቶቿ፣ አብረዋት የሚሠሩ፣ ቤተሰቦቿ ናቸው። ቀለበት ስታስር እልል ያሉ፣ ሲፈርስ ቤቷ ሄደው ያጽናኑ ከመካከላቸው አይጠፉም። አንተ በልምምድ የሰማኸውን እነሱ ኖረውታል። ራስህ ጽፈህልኛል፤ መውጣት የጀመሩት 45ኛው ደቂቃ ላይ ነው፤ ከዚያ ቃል ሁለት ደቂቃ በኋላ። የሐይቁን ዳር ዘጠኝ ደቂቃ ነፋስ ግን ቁጭ ብለው ችለውልሃል! ፊልም የማያውቅ ሰው መሰሉህ? «ታሪኩ የታለ» ያሉህ የልጅቷን ጉዳይ ፊት ለፊት ማንሣት ነውር ስለ ሆነባቸው ሊሆን ይችላል። የሰፈር ሰው አንዳንዴ የሚያመውን ትቶ የሚቀለውን ይናገራል።

ስለ ታላላቆቹ ያልከውን እንየው። እንግሊዛዊው ዳይሬክተር ማይክ ሊ ያለ ስክሪፕት ልምምድ በመጀመር የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው «ቬራ ድሬክ» በተባለው ፊልሙ ዋናዋ ሴት በድብቅ ፅንስ የምታስወርድ ናት፤ የቤተሰቧን አባላት የሚጫወቱት ተዋንያን ይህን አያውቁም ነበር፤ ፖሊስ ቤቱን ሲያንኳኳ ነው የተገለጠላቸው። ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ ድንጋጤው የመጣው በልምምድ ላይ ነው፤ ለካሜራ የተቀረጸው ከዚያ በኋላ ተስተካክሎና ተጠንቶ ነው። ሁለተኛ፣ የተደበቀው ምሥጢር የገጸ ባሕርይዋ ነበር እንጂ የተዋናይቷ አይደለም። የአንተ 11 ገጽም «ማን ምን እንደሚደብቅ» ይላል፤ መልካም አሠራር ነው። የቀለበቱ ነገር ግን በዚያ ገጽ ላይ የለም። ከሰው ሕይወት አንሥተህ ያመጣኸው ነው።

ውል ፈርማለች ትላለህ። የፈረመችው ለትወና ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 27 የአንድን ሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ይከለክላል። ጠበቃ ሊከራከርበት ይችላል፤ እኔ ግን ወደዚያ መንገድ እንድትገባ አልፈልግም። ክፍያ መጨረስህንም ሁለተኛ ጊዜ ለማንም አትንገር።

ስክሪፕት ጽፌ ልቅረጽ ላልከው፣ አይሆንም! አሜሪካዊው ጆን ካሳቬቲስ «ሻዶውስ» የተባለውን ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1958 ኒው ዮርክ ውስጥ አሳየ፤ ብዙው ሰው አልወደደለትም። በ1959 ብዙ የተጻፉ ትዕይንቶች ጨምሮ እንደገና አወጣው። መጀመሪያ ያወደሰው ሃያሲ ዮናስ ሜካስ በአዲሱ ቅጂ አዘነ፣ ሌሎች ደግሞ አዲሱን ወደዱ። ተመልካች መከፈሉ ራሱ ሕመም አይደለም፤ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ ማየት የሚወድም የሚሰለችም ይኖራል፣ ልታስታርቃቸው አትችልም። ልታስተካክል የምትችለው ድምፁንና ርዝመቱን ነው፤ በእነዚህ ሁለቱ የሰፈርህ ሰው ትክክል ነው።

የሐይቁ ዳር ትዕይንት ከዘጠኝ ወደ አራት ደቂቃ ይውረድ። ያለ ጽሑፍ ሲወራ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ማሟሟቂያ ናቸው፤ ተዋንያኑ ጥያቄ በጥያቄ እየተመላለሱ መግቢያ ይፈልጋሉ። የመጨረሻዎቹ ደግሞ «ቁረጥ» እስክትል የተባለውን መድገም ነው። ከመካከሉ አንዳቸው ያላወቁትን የሚሰሙበትን ወይም የያዙትን የሚለቁበትን ቦታ ፈልግ፤ ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ቀድመህ ግባ፣ ነገሩ እንደ ተባለ ውጣ። ሁለቱ እኩል የሚያወሩበት ቦታ ላይ ከስልክ ወደ ስልክ አትዝለል፤ ድምፁን ሳትቆርጥ የአድማጩን ፊት ብቻ አሳይ። ዝም ብሎ የሚሰማ ፊት የተናጋሪውን ቃል ይሸከማል።

ነፋሱን በተመለከተ፣ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ሲነሣ ማይኩን መትቶ ቃሉን ይበላዋል፤ ሰው ለመስማት ሲታገል ደግሞ አራት ደቂቃ ስምንት ይመስለዋል። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ወፍራም ጉምጉምታ ቁረጥ፤ ከዚያ በላይ ከሄድክ የወንዱን ድምፅ ታቀጥነዋለህ። ከዚያ አንድ ማለዳ 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ውሃው ሳይነቃ፣ እዚያው ቦታ ሄደህ ማንም ሳያወራ ሦስት ደቂቃ ቅረጽ፤ የአባ ኮዳውን ክንፍ፣ የጀልባውን መቅዘፊያ። ይህን ከትዕይንቱ ሥር ከጫፍ እስከ ጫፍ ብታነጥፈው በየቁርጡ የሚዘለው የነፋስ ጩኸት ይለዝባል። ቃሉ ጭራሽ የማይሰማበት ቦታ ላይ በአማርኛ ጽሑፍ አስገባ። ዳቢንግ፣ ማለትም ንግግሩን በኋላ እንደገና ቀድቶ በምስሉ ላይ መለጠፍ፣ አልመክርህም፤ ሳይጻፍ የመጣ ንግግር ትንፋሹን ጠብቆ ሁለተኛ አይመጣም። ለወደፊቱ የደረት ማይክ ከነጠላ ሥር አትደብቅ፣ ጨርቁ ይፋተግበታል። መቅጃውንም ለተራ ንግግር ከዜሮ፣ ማለትም መቅጃው ከሚችለው ጣሪያ፣ በታች 12 ዲሲቤል ግድም ላይ አስተካክል፤ ጠብ ባለበት ትዕይንት ደግሞ ከዚያም ዝቅ አድርግ፣ ምክንያቱም በጩኸት የተሰበረ ድምፅ አይጠገንም።

አሁን ወደ 43ኛው ደቂቃ። ያ ትዕይንት ይወጣል። በእኔ ፍርድ ድርድር የለውም፤ እሷ ራሷ ተረጋግታ አይታው «ይቆይ» ካላለች በቀር። ሲወጣ ቀዳዳ ይተዋል፤ ጠብ ከሌለ የማለዳው ቅዝቃዜያቸው አይገባም። ለወንዱ በጆሮው ሳትነግረው በፊት የቀረጻችሁት ካለ እሱን ተመልከት፤ ደካማ ቢመስልህም። ከሌለና እሷ ከፈቀደች፣ የገጸ ባሕርይዋን ምሥጢር በንድፉ ላይ ጽፈህ እንደገና ቅረጽ። ለምሳሌ ቤቱን ለመልቀቅ ለአከራይዋ ቀድማ ነግራለች፣ እሱ ግን አያውቅም። ከመጀመራችሁ በፊት በቃ የምትሉበትን አንድ ቃል ተስማሙ፤ ማንኛቸውም ያንን ቃል ካሉ ካሜራው ይቆማል። መምጣት ካልፈለገች ደግሞ ወንዱን ብቻ ከጀርባው ቅረጸው፤ ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉ ላይ ሲንጫጫ ይሰማ፣ ማንም አያንሣው።

ልጅቷ ጋ ስትሄድ ብቻህን አትሂድ፤ መልእክቱን ያመጣችልህን ጓደኛዋን ለምነህ በእሷ በኩል ግባ። ወንዱንም ይዘህ አትምጣ፤ እሱ የራሱን ይቅርታ በራሱ ቀን ይጠይቅ። «ለፊልሙ ብዬ ነው» የሚል ቃል ከአፍህ አይውጣ። የነገርሽኝን ለሰው ሰጠሁት፣ ጥፋቱ የእኔ ነው በላት፤ ከዚያ ዝም በል። እናቷ ቤት ካሉ ለእሳቸውም ተንበርከክ። ከቅጂዎቹ ውስጥ ያ ትዕይንት ያለበትን ሁሉ፣ የጓደኞችህ ስልክ ላይ ያለውንም ጭምር፣ ሰብስበህ ሂድና ፊቷ አጥፋው። ፖስተሩን ግን ዛሬ ሳይመሽ አውርደው፤ አቶቴ መንገድ ላይ ያለውንም።