ከገና እስከ ጥምቀት ምን ጌም እንጫወት? ጥያቄና መልስ

ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 ጎንደር ውስጥ እንግዳ የሌለበት ቤት ማግኘት ከባድ ነው። ተማሪው ከየግቢው ይመለሳል። ዘመድ ከአዲስ አበባም ከውጭም ይመጣል። ማታ ሳሎኑ በሰው ሲሞላ ግን ወጣቱ ጥግ ጥጉን ይዞ ስልኩ ላይ ያቀረቅራል። እኔ አራዳ አካባቢ ፕሌይስቴሽንና ላፕቶፕ እጠግናለሁ፤ ጌም እወዳለሁ። በዚህ ሰሞን ሱቅ የሚመጣው ሁሉ "ለበዓሉ ምን ልጫን?" ይለኛል። ስለዚህ ጥያቄያችሁን ላኩልኝ አልኩ፤ እናንተም አላሳፈራችሁኝም።

እኔ የበዓል ጌም ስመርጥ አዲስነቱን አላይም። መጀመሪያ የምጠይቀው "ቤት ውስጥ ከማን ጋር ነህ?" ብዬ ነው። መልሶቼን በዚህ ዓይን አንብቧቸው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ፕሌይስቴሽን 4 እና ሁለት ጆይስቲክ አለን። ወንድሞቼና የአክስቴ ልጆች ሲሰበሰቡ የምንጫወተው ኳስ ብቻ ነው፤ ሁልጊዜ ደግሞ በጭቅጭቅ ያልቃል። ሌላ ምን አለ?

ጭቅጭቁ ከጌም ቤት የመጣ ልማድ ይመስለኛል። እዚያ የተሸነፈ ይከፍላል፤ ስለዚህ መሸነፍ ያናድዳል። ቤት ውስጥ ግን የሚከፍል የለም። ለበዓል የምመክርህ እርስ በርስ የምትጋጠሙበትን ሳይሆን አብራችሁ የምትሠሩበትን ነው።

አንደኛ ምርጫዬ ኦቨርኩክድ ነው። ሁላችሁም የአንድ ወጥ ቤት ሠራተኞች ናችሁ። አንዱ ሽንኩርት ይከትፋል፣ አንዱ ድስት ይጥዳል፣ አንዱ ሳህን ያጥባል፣ ትእዛዙ ደግሞ ይጎርፋል። ድስቱን የረሳችሁት እንደሆነ ቤቱ በእሳት ይያያዛል። እስከ አራት ሰው ያጫውታል። ደስ የሚለው ነገር አንዱን ጆይስቲክ ሁለት ሰው ለሁለት ተካፍሎ መያዝ ይችላል። አንዱ ግራውን፣ ሌላው ቀኙን ይይዛል። ስለዚህ በሁለት ጆይስቲክ አራታችሁም ትገባላችሁ። ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰውም በአጭር ጊዜ ይለምደዋል። እናትህን አንድ ጊዜ አስገባትና እየው፤ ማን ምን እንደሚሠራ የምታዘው እሷ ትሆናለች።

ሁለተኛው ኢት ቴክስ ቱ ነው። የ2021 ምርጥ ጌም ተብሎ የተሸለመ ነው። ሊፋቱ የደረሱ ባልና ሚስት አሻንጉሊት ይሆኑና ወደ ራሳቸው ለመመለስ አብረው ይታገላሉ። ብቻህን መጫወት ፈጽሞ አይቻልም፤ ሁለት ሰው ግድ ነው። አንዱ ምስማር ሲወረውር ሌላው በመዶሻ ይንጠለጠላል፤ የአንዱ ችሎታ ያለ ሌላው ዋጋ የለውም። ረጅም ስለሆነ በአንድ ማታ አያልቅም፤ ለበዓሉ ሰሞን ከፋፍላችሁ ያዙት።

ኳሱንም ቢሆን አትጣሉት። ሁለቱንም ጆይስቲክ ወደ አንድ ቡድን አድርጓቸውና ኮምፒውተሩን ግጠሙ። ያኔ ጎል ሲገባ ሁለታችሁም ትጮሃላችሁ። አዲሱ እትም የለንም ብላችሁም አትጨነቁ። ፊፋ የሚለው ስም በፊፋ 23 አብቅቶ ከ2023 ጀምሮ ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ተብሏል እንጂ ለሳሎን ጨዋታ የድሮውም በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነኝ። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው፤ ፓኬጅም ቶሎ ያልቅብኛል። ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ንገረኝ።

ፐብጂን፣ ፍሪ ፋየርንና ኢፉትቦልን ለጊዜው ተዋቸው፤ ያለ ኢንተርኔት አይሆኑም። ብቻህን ከሆንክ ቫምፓየር ሰርቫይቨርስን አውርድ። ስልክ ላይ ነጻ ነው። መሣሪያው ራሱ ይተኩሳል፤ ያንተ ሥራ መሸሽና መሰብሰብ ብቻ ነው። ቀላል ይመስላል፤ ግን አንዴ ከጀመርክ መተው ይከብዳል።

ጓደኞችህ አብረውህ ካሉ ደግሞ ሚኒ ሚሊሻ አለ። አንዱ ሆትስፖት ይከፍታል፣ ሌሎቹ በዋይፋይ ይገባሉ። ጨዋታው የሚሄደው በስልኮቻችሁ መካከል ስለሆነ ፓኬጅ አይበላም። ሆትስፖት የከፈተው ልጅ ዳታውን ያጥፋ፤ ያለዚያ የሌሎቹ ስልኮች ከጀርባ ካርዱን ይጨርሱበታል። አመንግ አስም በዚሁ መንገድ ይሠራል። ከመካከላችሁ ማን እንደሚዋሽ የምታወጡበት ነው፤ ወሬ ለሚወድ ቤት ተስማሚ ነው።

የአገር ልጆች የሠሩትን ኩኩሉንም ሞክረው። ዶሮዋ ከገበሬው እጅ አምልጣ ትሮጣለች፤ አንተ ታስመልጣታለህ። ለገና ከዚህ የሚስማማ ጌም አላውቅም።

ጥያቄ፦ ማራኪ ግቢ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ አሮጌ ነው፤ 4 ጊጋ ራም አለው፣ ግራፊክስ ካርድ የለውም። ተስፋ አለኝ?

አለሽ እንጂ! እንዲያውም በጣም የምወዳቸው ጌሞች ያንቺ ላፕቶፕ የሚችላቸው ናቸው።

ከስታርዲው ቫሊ ጀምሪ። የሚፈልገው 2 ጊጋ ራምና 500 ሜጋባይት ገደማ ቦታ ነው። በ2016 የወጣ ሲሆን ኤሪክ ባሮን የተባለ አንድ ሰው ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ ለፍቶበታል። ኮዱም፣ ሥዕሉም፣ ሙዚቃውም የእሱ ነው። ከተማ የሰለቸው ሰው ከአያቱ የወረሰውን ጠፍ መሬት ያቀናል። ትዘሪያለሽ፣ ታጠጫለሽ፣ ላምና ዶሮ ታረቢያለሽ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር ትወዳጃለሽ። የሚያሯሩጥሽ የለም። አንድ ሴሚስተር ሙሉ በፈተና ለተጨናነቀ ጭንቅላት ይሄ ዕረፍት ነው።

ለእኛ ከተማ የሚመችበት ሌላም ምክንያት አለው። ሴቭ የሚያደርገው ማታ ገጸ ባሕሪሽ ስትተኛ ነው። የጌሙ አንድ ቀን በእኛ ሰዓት 14 ደቂቃ ገደማ ነው። ባትሪሽ የሞተ ከሆነና መብራት ድንገት ከጠፋ የምታጪው ያቺን ቀን ብቻ ነው።

ከእሱ ቀጥሎ አንደርቴል አለ፤ በ2015 የወጣ። ጭራቅ ይገጥምሻል፤ ግን ማንንም ሳትገድዪ መጨረስ ትችያለሽ። አነጋግረሽ፣ አስቀሽ፣ አባብለሽ ታልፊያለሽ። ንግግሩ ብዙ ስለሆነ እንግሊዝኛ ማንበብ ይጠይቃል። ማንበብ ከደከመሽ ሊምቦና ኢንሳይድ አሉልሽ፤ አንድም ቃል የለባቸውም፣ በአንድ ሁለት ማታ ያልቃሉ። ጨለማና ሞት ስላለባቸው ግን ሕፃናት ባሉበት አትክፈቻቸው። ላፕቶፕሽን ስለማላውቀው መጀመሪያ ሊምቦን ሞክሪ፤ በ2010 የወጣ ስለሆነ ቀላል ነው፤ ኢንሳይድ ከበድ ይላል።

ጥያቄ፦ የታሪክ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ስለ ጌም ብቻ ነው የሚያወሩት። ለመሆኑ የኢትዮጵያ ታሪክ ያለበት ጌም አለ?

መምህር፣ ይህን ስለጠየቁኝ ደስ ብሎኛል። አለ፤ ከሚያስቡት በላይ አለ።

ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 የቆየ የጦርነትና የግንባታ ጌም ነው፤ የወጣው በ1999 ነው። በ2015 በተጨመረው የአፍሪካ ክፍል ኢትዮጵያውያን ገቡ። ልዩ ወታደራቸው ሾተል የያዘ ተዋጊ ነው። ቀስተኞቻቸውም ከሌላው ፈጥነው ይተኩሳሉ። የዮዲት ታሪክ ደግሞ ራሱን የቻለ ዘመቻ ሆኖ ተሠርቷል። በ2019 በወጣው የታደሰ እትም ውስጥ ይህ ሁሉ ተካቷል።

ለጎንደር ሰው ግን የሚጥመው ሦስተኛው ነው። ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 3 በ2021 ኢትዮጵያን ሲጨምር ሴባስቶፖልን መድፍ አድርጎ አስገብቶታል። የቋራው ካሳ መድፍ! ተማሪዎችዎን እዚህ ላይ ይያዟቸው። በጌሙ ውስጥ መድፉን አዝዞ ማሠራት ቀላል ነው። እውነተኛው ግን ጋፋት ላይ የተቀለጠ፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝን፣ መንገድ እየተጠረገለት በሰው ጉልበት እስከ መቅደላ የተጎተተ ነው። "በጌሙና በታሪኩ መካከል ያለውን ልዩነት አምጡ" ቢሏቸው መጽሐፍ ሳይገለጥ የሚቀር አይመስለኝም።

ሲቪላይዜሽን የሚባለውም አለ፤ ተራ በተራ የሚጫወቱት፣ አገርን ከጥንት እስከ ዛሬ የሚመሩበት። በአምስተኛው ላይ በ2012 አፄ ኃይለ ሥላሴ፣ በስድስተኛው ላይ በ2020 ዳግማዊ ምኒልክ ገብተዋል። አምስተኛው ውስጥ የኢትዮጵያ ልዩ ጸጋ "የዓድዋ መንፈስ" ይባላል። ከእሷ የበለጡ ከተሞች ካሉት አገር ጋር ስትዋጋ ኃይሏ ይጨምራል። የሠሩት ሰዎች ታሪኩ ገብቷቸዋል ያልኩት ይህን ሳይ ነው። ስድስተኛው ደግሞ ከዓለት የሚፈለፈሉ ቤተ ክርስቲያኖች አሉት። ለአሮጌ ኮምፒውተር አምስተኛው ይሻላል።

እኔ የምመኘው የጎንደርን ዘመን ራሱን ነው። ከ1636 ጀምሮ ፋሲል ግንቡን ሲያሳንጽ፣ ተከታዮቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሲጨምሩ፣ ገበያው ሲደራ፣ ሊቃውንቱ ሲከራከሩ። ከእርስዎ ተማሪዎች አንዱ ይሠራው ይሆናል።

ጥያቄ፦ እህቴ ከውጭ ለልጆቼ ፕሌይስቴሽን ላከችልኝ። ትልቁ 11፣ ትንሿ 7 ዓመታቸው ነው። ጂቲኤ የሚባል አብሮ መጥቷል። መኪና እየሰረቁ ሰው ይገድላሉ። ምን ላድርግ? ማታ አጥፉ ስላቸውም ያለቅሳሉ።

እትዬ፣ ጂቲኤውን ያንሱባቸው። እሱ ለልጅ አልተሠራም። በዲስኩ ማቀፊያ ላይ ቁጥር ይፈልጉ፤ 3፣ 7፣ 12፣ 16 ወይም 18 የሚል አለ። የአውሮፓ የዕድሜ ምልክት ነው። ጂቲኤ 5 ላይ ያለው 18 ነው። ፕሌይስቴሽኑ ራሱም በወላጅ ኮድ ከዕድሜያቸው በላይ የሆነውን እንዲዘጋ ማድረግ ይቻላል። ካስቸገረዎ ይዘውት ይምጡ፤ በነጻ አደርግልዎታለሁ።

በምትኩ ማይንክራፍትን ይግዙላቸው። እንደ ጡብ የሆኑ ድንጋዮችን እየደረደሩ የፈለጉትን ይገነባሉ። በ2023 ከ300 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጡ ተነግሯል፤ እንዲህ የሆነው ልጅም አዋቂም ስለሚወደው ነው። ጭራቆቹ ትንሿን ካስፈሯት "ፒስፉል" የሚለውን ይምረጡላት፤ ይጠፋሉ። ከዚያ ፋሲል ግቢን አስጎብኝተው ይመልሷቸውና "ይህን ሥሩልኝ" ይበሏቸው። ማማውን፣ ደረጃውን፣ በሩን ሲከራከሩበት ይሰማሉ።

ስለ ልቅሶው፦ ብዙ ጊዜ ልጅ የሚያለቅሰው ጨዋታው መሃል ላይ ስለተቋረጠበት ነው። የለፋበት ሳይቀመጥ ይጠፋበታል። "አሁን አጥፋ" ከማለት "ይህ ዙር ሲያልቅ፣ ሴቭ አድርገህ ተነሣ" ይበሉት። ከመኝታቸው ትንሽ ቀደም ብለው ይንገሩ። ልቅሶው በጣም ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ ፕሌይስቴሽኑ ይበላሻል?

በአንድ ጊዜ ላይበላሽ ይችላል፤ ሲደጋገም ግን ሃርድ ዲስኩን ይጎዳል። በተለይ ሴቭ እያደረገ ሳለ ከጠፋ። እንደጠፋ ሶኬቱን ንቀል። ሲመለስ ኃይሉ ስለሚዋዥቅ ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ ሰካው። ስታቢላይዘር መግዛት ከቻልክ ከአዲስ ጌም በፊት እሱን ግዛ። በዚህ ሰሞን ተቃጥሎ የሚመጣልኝ ፓወር ሰፕላይ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ አያቴ ገበጣ ይወዳሉ። ከእሳቸው ጋር የምጫወተው ጌም ይኖር ይሆን?

ካላቸው ገበጣውን ራሱን ተጫወት፤ ያሸንፉሃል። በስልክ የግድ ካልክ ቴትሪስን አሳያቸው። በ1984 ሞስኮ ውስጥ የተፈጠረ ነው። ቋንቋ አይጠይቅም፣ አንድ ጊዜ ካዩት ይገባቸዋል። ፊደሉን አተልቅላቸው፣ ትልቅ ስክሪን ካለህም በእሱ ይሁን።

ጥያቄ፦ የሚከፈልበትን ጌም እንዴት እንግዛ? የዶላር ካርድ የለንም።

ኤፒክ የሚባለው የኢንተርኔት የኮምፒውተር ጌም መደብር በየሳምንቱ ጌም በነጻ ይሰጣል፤ በፈረንጆቹ ገና ሰሞን ደግሞ ይበዛል። አካውንት መክፈት ብቻ ነው። በሰዓቱ ከወሰድከው ለዘለቄታው ያንተ ነው። ሙሉ ለሙሉ ነጻ የሆኑም አሉ። ሱፐርታክስካርት የመኪና ውድድር ነው፤ አንድ ስክሪን ተካፍላችሁ ትጫወታላችሁ፣ ስልክም ላይ አለ። ዜሮ ኤዲ የጥንት ዘመን ጦርነት ነው፤ ጎረቤቶቻችን ኩሾችም አሉበት።

በፍላሽ የሚዞረውን የተሰበረ ጌም፣ ማለትም ቁልፉ ተሰብሮ ሳይከፈልበት የሚገለበጠውን፣ ግን ተጠንቀቁ። ላፕቶፕ በቫይረስ ተይዞ የመመረቂያ ጽሑፉ የጠፋበት ተማሪ እያለቀሰ ሱቄ መጥቷል።

ከውጭ ዘመድ የሚመጣላችሁ ካላችሁ አሁኑኑ ደውሉ። ፕሌይስቴሽን 5 የሚያመጣላችሁ ከሆነ ዲስክ የሚያስገባውን እንዲገዛ ንገሩት። ዲጂታል የሚባለው ዋጋው ይቀንሳል፤ ነገር ግን በራሱ ዲስክ ስለማይወስድ ጌሙን ሁሉ በኢንተርኔት ማውረድ ሊኖርባችሁ ነው። አንዳንዱ ጌም ከ100 ጊጋ ይበልጣል። ዲስክ ከሆነ ግን ከጓደኛ ትዋሳላችሁ፣ ትቀያየራላችሁ፣ ሲሰለቻችሁ ትሸጣላችሁ። ተጨማሪ ጆይስቲክም ያምጣ። የሌላ አገር ቻርጀር ከመጣ ደግሞ ሳትሰኩት በፊት ቮልቴጁን አንብቡ፤ 110 ብቻ የሚል ከሆነ እዚህ ያቃጥለዋል፤ ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ችግር የለውም።