መልስ፦ የንግድ ክርክር ጠበቃን ልምድ በምን እንመዝን?

«20 ዓመት የሠራ የንግድ ጠበቃ አግኝቻለሁ፤ ልምዱን እንዴት ላጣራ?» ላሉት፦ የዓመቱን ብዛት ለጊዜው ይተዉት። ውል ሲያረቅቅና ኩባንያ ሲያቋቁም የኖረ ጠበቃ ችሎት ቆሞ ምስክር ጠይቆ ላያውቅ ይችላል።

ከእርስዎ ጉዳይ ጋር የሚመሳሰሉ፣ ራሱ የተከራከረባቸውን ሁለት ሦስት መዝገቦች ቁጥር ይጠይቁትና ፍርዱን ያንብቡ። የጠበቃው ስም ብዙውን ጊዜ መግቢያው ላይ ከተከራካሪዎቹ ጎን ይጻፋል። ማሸነፍ መሸነፉን ብቻ አይዩ። የጉዳቱን መጠን በምን አስረዳ? የሒሳብ መዝገብ አቀረበ? የሒሳብ ባለሙያ አስመሰከረ? እዚህ ላይ ነው ልምድ የሚለየው፤ ውሉ መጣሱ ተረጋግጦ እንኳ ጉዳቱ በአኃዝ ካልተረጋገጠ ካሳው ሊቀንስ፣ ወይም ጨርሶ ሊቀር ይችላል።

ፈቃዱ የጸና መሆኑንና የዲሲፕሊን ቅጣት ደርሶበት እንደሆነ ከፈቃድ ሰጪው አካል ያጣሩ። ለተቃራኒ ወገንዎ ሠርቶ ያውቅ እንደሆነም ውክልና ከመስጠትዎ በፊት ይጠይቁት፤ የጥቅም ግጭት ክርክሩ መሀል ከተገኘ ጠበቃ ለመቀየር ሊገደዱ ይችላሉ።