ባዛር ላይ ቆሻሻ ከመለየትሽ በፊት ተቀባዩን ፈልጊ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የመጀመሪያ ባዛር ትዝ አለኝ። ለእንቁጣጣሽ አዲስ አበባ ውስጥ የባልትና ስታንድ ልትይዢ ነው። 20 ቀን ትቆያለሽ። ቆሻሻው እንዳይበዛ፣ የሚወጣውም ተለይቶ እንዲወጣ ትፈልጊያለሽ። ከዚያ ደግሞ «ሁሉም መጨረሻ ላይ አንድ መኪና ላይ የሚጫን ከሆነ ብለየው ምን ዋጋ አለው?» ብለሻል። ከዚህች ልጀምር፤ ዋናው ነገር ያለው እሷ ላይ ነው።

እኔ ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶና ቆሎ ይዤ ስድስት ባዛር ወጥቻለሁ። በመጀመሪያው ሦስት ትልልቅ ባልዲ ገዛሁ። አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ቢጫ። ጽሑፍ ለጠፍኩባቸው፤ አብረውኝ የሚሠሩትን ልጆችም አስተማርኩ። አዘጋጆቹ «ለየብቻ እናነሳለን» ብለውን ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ መኪናው መጣ። ሦስቱም ባልዲ አንድ ላይ ተገለበጠ። ከልጆቹ ጋር ቆመን አየን። በነጋታው ማንም ለመለየት ልብ አልነበረውም።

ስለዚህ መልሴ ይኸው። መኪናው ላይ የሚጫነውን ብትለዪው ልፋት ነው። ዋጋ ያለው መኪናው ከመምጣቱ በፊት ወደ ሌላ ሰው እጅ የሚገባው ነው። ባልዲ ከመግዛትሽ በፊት ወረቀት ያዢና ከስታንድሽ የሚወጣውን ነገር ሁሉ ጻፊ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ማን እንደሚወስደው ጻፊበት። ስም ያልተገኘለትን ነገር ከመጀመሪያውም ወደ ስታንድሽ አታስገቢው።

ተቀባይ ፍለጋ ሩቅ አትሂጂ። መጀመሪያ ግቢውን የሚጠርጉትን እናቶች አነጋግሪ። እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት ልንገርሽ። በሁለተኛው ባዛር ሃይላንዱንና ካርቶኑን የሚወስድልኝን ቆራሌ ከሰፈሬ ይዤ መጣሁ። ጥሩ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን አንዲት ጠራጊ እናት ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እሱን እኮ ሸጠን ነው ለልጆቻችን ደብተር የምንገዛው» አሉኝ። በጣም አፈርኩ። እነሱ እኛ ስለ መለየት ማውራት ሳንጀምር ሲለዩ የኖሩ ሰዎች ናቸው። የትኛው እንደሚሸጥ፣ የትኛው እንደማይሸጥ ከማንም በላይ ያውቁታል። ከዚያ ቀን ወዲህ ገና ዕቃ ሳላወርድ ሄጄ ሰላም እላቸዋለሁ፣ ምን እንደሚፈልጉ እጠይቃለሁ፣ የምንገናኝበትን ሰዓት እንስማማለን። ሃይላንዱን ውኃውን ደፍተን፣ ጨፍልቀን፣ በማዳበሪያ ሞልተን እናስረክባለን። የቆሸሸ ክምር ውስጥ እጃቸውን አይከቱም። ይህ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል።

ካርቶን ላይ ተጠንቀቂ። የእንቁጣጣሽ ባዛር የሚውለው በነሐሴና በጳጉሜን ነው። ዝናብ የነካው ካርቶን ገዢ የለውም፤ ዘይት የነካውም እንደዚያው። ዕቃ በምታስገቢበት ቀን ጠዋት ጠፍጥፈሽ፣ ስኮቹን ልጠሽ፣ በገመድ አስረሽ ከጠረጴዛው ሥር ከወለሉ ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው። የመጨረሻ ቀን ዕቃሽን መልሰሽ የምታሽጊበትን ያህል ለራስሽ አስቀሪ። እኔ አንዴ ሁሉንም ሰጥቼ በማፍረሻው ቀን አዲስ ካርቶን ስገዛ ነበር።

አሁን ወደ ምግቡ። ባልትና ስትሸጪ ሰው መቅመስ ይፈልጋል፤ ትልቁ ቆሻሻ የሚመጣውም ከዚያ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ሽሮውን በሚጣል የፕላስቲክ ኩባያና ማንኪያ አቀረብኩ። በበዓሉ ዋዜማ ቅዳሜና እሁድ ኩባያው ብቻ ማዳበሪያ ሙሉ እየሆነ ወጣ። ወጥ የነካው ፕላስቲክ ደግሞ ቆራሌውም አይነካውም። ከዚያ እናቴ «ሽሮ በማንኪያ ያቀመሰሽ ማነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው። አሁን እንጀራውን በትንሽ በትንሹ እንቆርጣለን፣ ሽሮውን እላዩ ላይ ጠብ እናደርጋለን፣ ጠቅለል አድርገን በእጅ እንሰጣለን። ኩባያውም ማንኪያውም ተበላ ማለት ነው። ሰዉም ይወደዋል፤ ጉርሻ ስለሆነ ፈገግ ይላል። እጅ ማስታጠቢያ ጆግና ሳሙና ግን አይቅር። ቆሎውን በትንሽ ጭልፋ መዳፍ ላይ እናደርጋለን። ለበሶ ብቻ ስኒ ያስፈልጋል። 60 ስኒ ገዝቻለሁ። አንድ ልጅ ሥራዋ እሱን ማጠብ ነው። ብዙ ሰው ሲመጣ ይጨናነቃል፣ አልዋሽሽም። ያኔ የበሶውን ቅምሻ ለአንድ ሰዓት እናቆመዋለን።

የሽንኩርት ልጣጩ፣ የቡና አተላው፣ የተረፈው እንጀራ ክዳን ባለው ባልዲ ለብቻ ይቀመጥ። ይሄንን በየማታው ማውጣት ግድ ነው፤ ካደረ ይሸታል፣ ጎረቤት ያማርራል። እኔ ጓሮዋ ጎመን የምታበቅል ጓደኛ አለችኝ፣ ለኮምፖስት ትወስደዋለች። አንቺም እንዲህ ያለ ሰው ካላጣሽ ይሄኛውን አስቀድሚ። ከአዲስ አበባ ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነገር ነው። ክምር ውስጥ ገብቶ አየር ሲያጣ ሚቴን ጋዝ ያወጣል፤ ውኃውም ክምሩን ያከብደዋል። የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ስለሆነው ስለ ቆሼ ሳስብ ሁልጊዜ ልቤ ይከብዳል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞተብን። ብዙዎቹ ሴቶችና ልጆች ነበሩ። እኔ የማወጣት አንድ ባልዲ እዚያ ካልደረሰች ደስ ይለኛል።

ለልጆቹ የመጠጥ ውኃ 20 ሊትር ጀሪካን ባለ ቧንቧ ይበቃል። እያንዳንዱ የራሱን ኩባያ ይዞ ይምጣ።

ፌስታል ላይ ሕጉንም እወቂው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር በታች የሆነውን ቀጭን ፌስታል ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ፓርላማው የፕላስቲክ ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። ታዲያ ብዙ ሰው ወደ እነዚያ ጨርቅ የሚመስሉ ባለማንጠልጠያ ቦርሳዎች ዞሯል። አብዛኞቹ ፖሊፕሮፒሊን ናቸው፤ ያው ፕላስቲክ ነው። ቁራጩን በክብሪት ሞክሪው። ጥጥ ከሆነ ነዶ አመድ ይሆናል፤ ፕላስቲክ ከሆነ ይቀልጣል። እኔ ያዋጣኝ ሌላ መንገድ ነው። ባዛሩ ሳይጀመር ለደንበኞቼ በቴሌግራም «ዕቃ ይዛችሁ ኑ፣ አንድ ጭልፋ ምራቂ አለ» ብዬ ጻፍኩ። ጣሳ፣ ዘንቢል፣ የእናታቸውን የሽሮ ዕቃ ይዘው መጡ። ምራቂው ከማሸጊያው ዋጋ ብዙም አይበልጥም። ሳያውቅ ለመጣ ሰው የወረቀት ከረጢት አለኝ፤ ግን ሳይጠይቅ አልሰጥም።

በራሪ ወረቀት አታሳትሚ። ሰው ተቀብሎ ሦስት ስታንድ ሳያልፍ ይጥለዋል። ስልክሽንና ኪውአር ኮድሽን በትልቁ ግድግዳ ላይ አድርጊ፣ ሰው ፎቶ ያነሳዋል። ባነር ካሠራሽ ዓመተ ምሕረትም የበዓል ስምም አታስገቢበት። እኔ አንድ ሰሞን «እንኳን ለአዲሱ ዓመት» ብዬ ዓመቱን በትልቁ አጽፌበት ከ20 ቀን በኋላ ምንም አልሆነልኝም። ፍሌክስ ባነር ተቀባይ የለውም። የእኔው አሁን ዕቃ ሲጫን የዝናብ መሸፈኛ ሆኖ ያገለግላል። አዲሱን በጨርቅ አሠራሁት፣ አራተኛ ባዛሩ ነው።

ቆሻሻ የሚጣልበትን ነገር ፊት ለፊት አታስቀምጪ። መተላለፊያ ላይ ካለ ጎብኚው የያዘውን ሁሉ ይጥልበታል፣ የለየሽውም ይበላሻል። ከጠረጴዛው ጀርባ ይሁን። ጽሑፍም አያስፈልገውም። ሃይላንድ የሚገባበት ማዳበሪያ ላይ አንድ ሃይላንድ እሰሪበት፣ ያኔ ማንም አይሳሳትም።

ከሁሉም በላይ ግን የማፍረሻውን ማታ አስቢበት። 19 ቀን የለፋሽበት በሁለት ሰዓት ሊጠፋ ይችላል። ሁሉም ደክሟል፣ የጭነት መኪናው ይጣደፋል፣ ጎረቤቶችሽ ሞኬቱንም ኮምፔንሳቶውንም ጥለው ይሄዳሉ። አንድ ሰው መድቢ። ያ ሰው ዕቃ አይጭን፤ ሥራው የሚጣለውንና የሚመለሰውን መለየት ብቻ ይሁን። ብሎኖቹን በጣሳ፣ የመደርደሪያ እንጨቶቹን ቁጥር ጽፎባቸው በገመድ ያስር። ለጠራጊ እናቶችም በዚያ ቀን ቀደም ብለው እንዲመጡ ንገሪያቸው። ከጎንሽ ካሉ አራት አምስት ስታንዶች ጋር ከተስማማሽ ደግሞ አንድ ሰው ለሁላችሁም ይበቃል። እኛ ባለፈው እንዲያ አድርገን ከአምስት ስታንድ ለመኪናው የቀረው ሁለት ማዳበሪያ ነበር።

ስኒዎቹ ቤት ተቀምጠዋል። ዘንድሮ እኔ ለገና ነው የምወጣው። ለእንቁጣጣሽ ከፈለግሻቸው በውስጥ መስመር ጻፊልኝና መጥተሽ ውሰጂ፤ ሦስቱ ጆሯቸው ተሰብሯል፣ ሌላው ደህና ነው።