እስስቴ ምግብ ቀንሷል፤ ምን ላድርግ? ጥያቄና መልስ

እስስት ማሳደግ ከጀመርኩ ዓመታት ሆኖኛል። ከላካችሁልኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ምግብ እምቢታ ናቸውና በየተራ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የየመን እስስት አለኝ፤ ወንድ ነው፣ ሁለት ዓመቱ። ድሮ በየቀኑ ብዙ ፌንጣ ይጨርስ ነበር። አሁን በሁለት ቀን አንዴ ሦስት ወይም አራት ብቻ ይበላል። ታሞ ይሆን?

መልስ፦ አይመስለኝም። በማደግ ላይ ያለ እስስት ሆዳም ነው፤ እድገቱን ሲጨርስ ግን የገለጹት መጠን ይበቃዋል። በየሳምንቱ በግራም በሚለካ ሚዛን ይመዝኑትና ይጻፉት። ክብደቱ ካልወረደ አይጨነቁ።

ጥያቄ፦ የእኔ አምስት ቀን ምንም አልቀመሰም። ቀን ቀንም ዓይኑን ይጨፍናል። በግድ ላጉርሰው?

መልስ፦ ተው ወንድሜ፣ አፉን በግድ እንዳትከፍት። እስስት በቀን ዓይኑን ጨፍኖ ከዋለ ታሟል ማለት ነው፤ ዛሬውኑ ተሳቢ እንስሳት የሚያውቅ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰደው። ስትሄድ ትኩስ ኩሱንም ያዝ፤ የሆድ ትል ካለበት በምርመራ ይታያል። ኩሱን ራስህም ተመልከተው፦ ከጥቁሩ ጋር የሚወጣው ነጭ ክፍል ወደ ብርቱካንማ ካደላ ውኃ ጠምቶታል። ውኃ የጠማው እንስሳ ደግሞ ምግብ አይፈጭለትም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ምግብ።

ጥያቄ፦ ሳህን ሙሉ ውኃ አስቀምጬለት የለ እንዴ?

መልስ፦ እስስት የረጋ ውኃ አያይም ብትል ይቀላል። የሚጠጣው ቅጠል ላይ የተንጠለጠለ ጠብታ ነው። ጠዋትና ማታ ቅጠሎቹን ውኃ እርጭባቸው፤ ቀን ደግሞ ጠብ ጠብ የሚል ዕቃ ከላይ አንጠልጥልለት። ከዚያ ራቅ ብለህ ጠብቅ። የጠማው ወዲያው ላይጠጣ ይችላል፤ ሲጀምር ግን ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ሲል ታየዋለህ። እኔ ያን ሳይ ሁልጊዜ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ መብራቱና ሙቀቱስ?

መልስ፦ እስስት ሙቀት ካላገኘ የበላውን መፍጨት አይችልም፤ ስለዚህ መብላቱን ይተዋል። ለአዋቂ የየመን እስስት የሚሞቅበት ቅርንጫፍ ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይሁን። ግምት አይሠራም፣ በቴርሞሜትር ለኩ። አልትራቫዮሌት ቢ የተባለውን፣ በፀሐይ ብርሃን ውስጥም ያለውን ጨረር የሚሰጠው መብራት ደግሞ ቢበራም ጉልበቱ በጊዜ ይደክማል፤ አምራቹ በሚያዝዘው ጊዜ ለውጡት። ጨረሩ በመስታወት ስለማያልፍ የመስኮት ፀሐይ አይተካውም።

ጥያቄ፦ ሴት እስስቴ ወንድ አይታ አታውቅም። ምግብ ትታ ጥግ ጥጉን ትቆፍራለች።

መልስ፦ እህቴ፣ እንቁላል ልትጥል ነው። የየመን እስስት ያለ ወንድም ትጥላለች። 30 ሴንቲሜትር ያህል ጥልቀት ያለው ዕቃ ውስጥ እርጥብ አሸዋ ሙይላት፤ ስትቆፍርበት ጉድጓዱ የማይናድ መሆን አለበት። ከዚያ በጨርቅ ጋርጂላትና አትጠጊያት፤ ሰው ሲያያት ጀምራ ትተወዋለች። እንቁላሉ ሳይወጣ ከደከመችና ከቅርንጫፍ ከወረደች ግን አትጠብቂ፣ ሐኪም ጋ ሩጪ። በዚህ ይሞታሉ።

ጥያቄ፦ ፌንጣውን ያያል፣ ያነጣጥራል፣ ምላሱ ግን አይደርስም።

መልስ፦ ይህ የምግብ ፍላጎት ጉዳይ አይደለም። የካልሲየም እጥረት ወይም የምላስ ጉዳት ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። እስከዚያ ምግቡን በትንሽ ጎድጓዳ ዕቃ አቅርቡለት። ያልተበላ ፌንጣም ማታ ቤቱ ውስጥ አይደር፤ የተኛውን እስስት ይነክሰዋል።