ዲስክ ለምትከፋፍሉ ልጆች

ሰሞኑን አንድ ተማሪ «ዲስኬን አራት ቦታ ብከፍለው ኮምፒውተሬ ይፈጥናል?» ብሎ ጠየቀኝ። የቆየ ቁጭቴን ነው የነካው። ይህ ምክር ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ስንቱን ማሽን እንዳንቀረፈፈ አውቃለሁ።

በዊንዶውስ ሰቨን ጊዜ ለጥገና ይመጡ የነበሩ ላፕቶፖች ይመሳሰሉ ነበር። ዲስኩ 500 ጊጋባይት፣ ዊንዶውስ የሚቀመጥበት ሲ 40 ብቻ፣ ሌላው ለዲ፣ ለኢ እና ለኤፍ የታደለ። ሲ ሞልቶ ምልክቱ ቀልቷል። አንዳንዱ ባለቤት ሲን ያቀለለ መስሎት ፔጅ ፋይሉን (ራም ሲያንስ ዊንዶውስ ዲስኩ ላይ እንደ ራም የሚጠቀምበትን ፋይል) ወደ ኤፍ አዛውሮታል። ማሽኑን የሚያንቀው ይኸው ነው። በሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚያነቡት ጭንቅላቶች በሙሉ አብረው ነው የሚንቀሳቀሱት። ሲ ዳታው በሚጻፍበት ክብ ሰሌዳ ውጫዊ ጠርዝ፣ ኤፍ ወደ መሃሉ ነው የሚያርፉት። ራም ባነሰ ቁጥር ጭንቅላቱ ከጠርዝ መሃል፣ ከመሃል ጠርዝ ይመላለሳል፤ ቀርቀር ሲል የሚሰማው እሱ ነው። ቦታው ከደረሰ በኋላም በደቂቃ 5400 ጊዜ የሚዞር ዲስክ የተፈለገውን ዳታ እስኪያመጣ በአማካይ 5.6 ሚሊ ሰከንድ ያስጠብቃል። ፔጅ ፋይልን ማዛወር የሚጠቅመው ራሱን የቻለ ሁለተኛ ዲስክ ሲኖር ነው።

ውጫዊው ጠርዝ ሰፊ ስለሆነ በአንድ ዙር ብዙ ዳታ ይነበብበታል፤ ወደ ውስጥ ሲገባ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ሲ መጀመሪያ ላይ ይሁን፣ 150 ጊጋባይት ያህል ስጡት፤ የቀረው አንድ ዲ ይበቃዋል።

የዊንዶውስ ዲስክ ማኔጅመንት ገብታችሁ ሲን ለማሳነስ «ሽሪንክ» ስትሉ 200 ጊጋባይት ባዶ እያለ 20 ብቻ ቢፈቅድላችሁ አትደንግጡ። የማይነቃነቁ ፋይሎች መሃል ላይ ተቀምጠው ነው። ሃይበርኔሽንን፣ ፔጅ ፋይልንና ሪስቶር ፖይንትን አጥፉ፣ ሪስታርት አድርጉ፣ ቀንሱ፣ ከዚያ መልሱ። ሲን ለማስፋት ደግሞ ባዶው ቦታ ከሲ ቀጥሎ በስተቀኝ መሆን አለበት፤ ከዲ ወዲያ ከሆነ «ኤክስቴንድ» አይሠራም። የዛሬ ልጆች እዚህ ላይ ትቸኩላላችሁ። የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ አይታችሁ ዲን በሌላ ፕሮግራም መግፋት ትጀምራላችሁ፤ መብራት ሲጠፋ ፋይሉ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል። ላፕቶፕ ባትሪው ይሙላ፣ ዴስክቶፕ ዩፒኤስ ላይ ይሁን።

ኤስኤስዲ (ዳታን በቺፕ ላይ የሚይዝ ዲስክ) ከሆነ ግን የሚንቀሳቀስ ጭንቅላት የለውም፤ መክፈሉ ፍጥነት አይጨምርም። ከ10 እስከ 15 በመቶ ባዶ ተዉለት፣ ዲፍራግ (የተበታተኑ ፋይሎችን መሰብሰብ) አታድርጉት። ይህን ብዬም ቢሆን ለፋይል የሚሆን ዲ ይኑራችሁ እላለሁ፤ ዊንዶውስ እንደገና ሲጫን ሲ ብቻ ፎርማት ይደረጋል። ዲስኩ ራሱ ሲሞት ግን ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ፤ ባክአፕ ሌላ ዲስክ ላይ ይቀመጥ።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት የዲስክ ጤና የሚያሳየውን ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን ከፍታችሁ «ከረንት ፔንዲንግ ሴክተር» የሚለውን፣ ማለትም ለማንበብ ያስቸገሩ ቦታዎችን ብዛት እዩ። ከዜሮ በላይ ካሳየ መከፋፈሉን ትታችሁ መጀመሪያ ፋይሎቻችሁን አውጡ።