ይህ ጥይት እኔ ላይ አልተተኮሰም

ውድ የፊልምና የድራማ ሠሪ ልጆቼ፣

ባለፈው ሰሞን የፊልም ትምህርት የምትከታተል አንዲት ወጣት ከአንድ ስብሰባ ስወጣ ደረጃው ላይ አስቁማኝ፣ «ጋሼ፣ የጦርነት ተከታታይ ድራማ ልንሠራ ነው፤ እውነተኛ እንዲመስል የትኛውን ካሜራ ብንከራይ ይሻላል?» አለችኝ። መሽቶ ስለነበር ስለ ካሜራ የማውቀውን ያህል ነግሬያት ተለያየን። ጥያቄዋ ግን ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጠኝ አደረ። እውነት የሚያስመስለው ምን እንደሆነ ከብዙ ዓመታት በፊት ቁጭ ብለው ያስረዱኝ ሰው ነበሩ። ዛሬ በሕይወት የሉም። ከነገሩኝ ውስጥ የተረፈው ትንሽ ነው፤ እሱን ልጻፍላችሁ።

እኔ የድምፅ ባለሙያ ነኝ። በዚያን ጊዜ ስለ ኦጋዴን ጦርነት የሚተርክ የቴሌቪዥን ድራማ እየሠራን ነበር። በአማካሪነት የተጋበዙት ካራማራ ላይ የተዋጉ፣ በጡረታ የተገለሉ ሃምሳ አለቃ ናቸው። የካራማራ ድል የተገኘው የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. እንደሆነ ሁላችሁም ትምህርት ቤት ተምራችኋል፤ እርሳቸው ግን ቀኑን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም። የሚያወሩት ስለ ውሃ ነበር። ጫማቸውን በደንብ ወልውለው፣ ኮታቸውን ተኩሰው መጡና አዘጋጁ ሥራ ስለበዛበት እኔ ክፍል ውስጥ እንዲቆዩ ተደረገ።

ክፍሉ ግድግዳው በብርድ ልብስ የተሸፈነ ጠባብ ቦታ ነበር። መቅረጫችን ናግራ ነው፤ የስዊዘርላንድ ሥራ፣ በ12 ትላልቅ ባትሪዎች የሚሠራ፣ ትከሻ የሚያጎብጥ፣ ግን እስከ ዛሬ ከያዝኳቸው መሣሪያዎች ሁሉ የምወደው። (በነገራችን ላይ በዚያ መቅረጫ የገና ሌሊት ቅዳሴ ቀርጬበታለሁ፤ የከበሮው ድምፅ ደረት ውስጥ ይገባ ነበር። ዛሬ በእጅ ስልክ የሚቀረጸው ከበሮ ለምን እንደ ካርቶን እንደሚሰማኝ አላውቅም።) የመትረየስና የጠመንጃ ተኩስ የተቀረጸበት አንድ የቆየ ክር ነበረን። ለየትኛውም ውጊያ እሱን ነበር የምንጠቀመው። ሃምሳ አለቃ እንዲያደምጡት ከፈትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ። ካለቀ በኋላም ቆዩ።

«ጥሩ ተኩስ ነው» አሉ። «ግን ይህ ጥይት እኔ ላይ አልተተኮሰም።»

አልገባኝም። ተነሡና መዳፋቸውን ዘርግተው ጠረጴዛውን ጧ አደረጉት፤ ትንሽ ጠበቁ፤ ከዚያ በጡጫ የእንጨቱን በር ዱም አደረጉት። «ሲተኮስብህ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ጆሮህ አጠገብ አየሩ ይሰነጠቃል። ተኳሹ ያለበትን የሚነግርህ ግን ሁለተኛው ነው፤ ከወደዚያ፣ ከሩቅ የሚመጣው። አዲስ ምልምል በመጀመሪያው ደንግጦ ይዞራል። የቆየ ወታደር ይወድቅና ሁለተኛውን ይጠብቃል። ያንተ ክር የተኳሹ ጆሮ ነው። የድራማችሁ ልጅ ግን የተተኮሰበት ነው አይደል?»

ለካ ክሩ የተቀረጸው ማይክሮፎኑ ከመሣሪያው አጠገብ ተቀምጦ ነው። እኔ ስለ ድምፅ ፍጥነት ተምሬያለሁ፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ እንደሚጓዝ፣ የክላሽ ጥይት ደግሞ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ እንደሚፈጥን አውቃለሁ። ከ300 ሜትር ርቀት የተተኮሰ ጥይት በግማሽ ሰከንድ ገደማ አልፎህ ሲሄድ፣ የመሣሪያው ድምፅ የሚደርሰው አንድ ሰከንድ ሊሞላ ሲል ነው። ስሌቱን ማንም ይሠራዋል። ያንን ክፍተት ሆዳቸው በምድር ላይ ተጣብቆ የኖሩበት ግን እርሳቸው ነበሩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ቀረጻው ቦታ ወጣን። ዋናው ተዋናይ ከእንጨት የተሠራ ጠመንጃና በጨርቅ የተሞላ ሻንጣ ይዞ ዳገት ላይ እየሮጠ ነበር፤ ቆንጆ ሩጫ ነው፣ እንደ አትሌት። ሃምሳ አለቃ ፈቃድ ጠይቀው ጨርቁን ከሻንጣው አወጡና ድንጋይ ሞሉበት። ከዚያ «አሁን ሩጥ» አሉት። ልጁ ሮጦ ወደቀ፤ ሲነሣም በእጁ ሳይሆን በጉልበቱ ነበር የተነሣው፤ አፉም ተከፍቶ ቀረ። «እሱን ነው መቅረጽ ያለባችሁ» አሉ። ኮዳ ሰጡትና ሲጠጣ ተመለከቱ። አንደቀደቀው። ቀሙትና እንዴት እንደሆነ አሳዩት፦ አንድ ጉንጭ ብቻ፣ ሳይዋጥ አፍ ውስጥ ተይዞ፣ ክዳኑ ወዲያው ተጠምዝዞ፣ ዓይን ደግሞ ምንጊዜም ወደ ፊት። ኮቾሮ እንዴት በኪስ እንደሚያዝ፣ ከስክስ ጫማ ሌሊት ለምን እንደማይወልቅ ነገሩት። ከዚያ ድርሰቱን ተቀብለው ገጽ በገጽ አገላበጡና ወደ እኔ ዞረው፣ «በዚህ ድርሰት ውስጥ ሰው ይሞታል እንጂ አይተኛም» አሉኝ። «እኛ የምናስበው ስለ እንቅልፍ ነበር። ከጠላት ቀጥሎ እንቅልፍ ነው። አንዳንድ ቀን ከጠላትም ይቀድማል።»

አዘጋጁ በትሕትና አመሰገናቸው። የሚተላለፍበት ቀን ደርሷል፣ ድርሰቱ ጸድቋል፣ ክሩም ያው ክር ሆኖ ቀረ። ድራማው ተላለፈ፤ ሰው ወደደው፤ በዚያን ጊዜ መንገድ ላይ እያስቆሙ ያመሰግኑን ነበር። ሃምሳ አለቃን ከዚያ በኋላ አንድ ቀን አግኝቻቸው ነበር። ስለ ድራማው «ቆንጆ ነው» ብቻ አሉኝ። ከዚያ ክንዴን ያዝ አድርገው፣ «መሣሪያህን ይዘህ ቤት ና፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልንገርህ። ልጆቼ ሲሰሙት ይሰለቻሉ» አሉ። እሺ አልኩ። ሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ወሰደኝ፤ ዓመት በዓል መጣ፤ ዝናብ ገባ። ስመለስ ያረፉበት ሰባተኛው ቀን አልፎ ነበር። የናግራው ክር ባዶ እንደሆነ እኔ ዘንድ አለ።

ይህን ሁሉ የማወራው ለማልቀስ አይደለም። ከዚያ በኋላ የጦርነት ፊልም ባየሁ ቁጥር ጆሮዬ የእርሳቸውን ሁለት ድምፅ እየፈለገ ስለሚሄድ፣ የቱ ፊልም ደክሞበት እንደተሠራ የምለየው በዚያ ስለሆነ ነው።

የሶቪየቱ ዳይሬክተር ኤሌም ክሊሞቭ እ.ኤ.አ. በ1985 የሠራው፣ በቤላሩስ የተቃጠሉ መንደሮችን የሚተርክ «ና እና ተመልከት» የሚባል ፊልም አለ። ቦምብ ከወረደ በኋላ ዋናው ገጸ ባሕርይ የሆነው ልጅ ይደነቁራል፤ ተመልካቹም አብሮት ይደነቁራል። ጆሮ ውስጥ የሚጮኸው ቀጭን ድምፅ ብቻ ይቀራል፤ ሰዎች አፋቸውን ያንቀሳቅሳሉ፣ ቃላቸው ግን ከውሃ ሥር የሚመጣ ይመስላል። ዳይሬክተሩ የልጁን ጆሮ ውሰዱ ብሎ ሰጠን። የፊልሙ ጉልበት ከማንም ፍንዳታ ይልቅ እዚያ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስቲቨን ስፒልበርግ እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው «ሴቪንግ ፕራይቬት ራያን» ውስጥ ወታደሮቹ ኖርማንዲ ባሕር ዳርቻ ሲወርዱ ሙዚቃ የለም። በዚያ ሁሉ እልቂት ላይ ቫዮሊን አልጫነበትም። እኛ አገር ግን ወታደር ከመውደቁ በፊት ክራሩ ይጀምራል፤ ተመልካች ማዘን ያለበት መቼ እንደሆነ በሙዚቃ ይታዘዛል። ይህን ልማድ ከተውን ግማሹን መንገድ ሄድን ማለት ነው።

ካሜራ ዋናው አይደለም ብዬ ለልጅቷ ልነግራት ይገባ ነበር። ቢሆንም በዚያው የስፒልበርግ ፊልም ላይ የካሜራ ባለሙያው ያኑሽ ካሚንስኪ ያደረገውን ሳላነሣ ባልፍ ደስ አይለኝም። የካሜራው መዝጊያ፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባው ክፍተት፣ ከተለመደው 180 ዲግሪ ወደ 90 እና ወደ 45 ዲግሪ እንዲጠብ አደረገ። ብርሃን የሚገባበት ጊዜ ሲያጥር እንቅስቃሴ አይደበዝዝም፤ በፍንዳታ የተነሣው እያንዳንዱ የአሸዋ ቅንጣት ተለይቶ ይታያል፤ የሰው ሩጫም ይቆራረጣል። ሰው ሲፈራ የሚያየው እንዲሁ ተቆራርጦ ነው። ስለዚህ ካሜራ ዋና ይሆናል፤ የሚይዘው ሰው የፈራ ሰው ምን እንደሚያይ ካወቀ።

ተዋናዮቹም ከቀረጻው በፊት ዴል ዳይ በሚባል፣ ቪየትናም የዘመተ ጡረተኛ ሻምበል እጅ ዝናብና ጭቃ ውስጥ ሠልጥነዋል። ይኸው ሰው እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን ባለ 10 ክፍሉን «ባንድ ኦፍ ብራዘርስ» ተዋናዮችም አሠልጥኗል። በዚያ ተከታታይ ድራማ መክፈቻዎች ላይ እውነተኞቹ አዛውንት ወታደሮች ይናገራሉ፤ ስማቸው ግን እስከ መጨረሻው ክፍል አይነገርም። ተመልካቹ ከአዛውንቶቹ መካከል የትኛው የትኛው ወጣት እንደሆነ ሳያውቅ ይቆያል። ያን ስመለከት የእኔን ሃምሳ አለቃ እዚያ መካከል አስቀምጣቸው ነበር።

ጀርመናዊው ቮልፍጋንግ ፒተርሰን እ.ኤ.አ. በ1981 «ዳስ ቡት»ን ሲሠራ የባሕር ሰርጓጁን ውስጥ በትክክለኛ መጠኑ አሠራ፤ ተዋናዮቹ እንዲገረጡ ከፀሐይ አራቃቸው። ያንን ጥበት ግድግዳውን ገፋ አድርጎ ለካሜራ ሊያመቻቸው ይችል ነበር። አላደረገውም፤ የካሜራ ባለሙያው ጠባቡ ውስጥ መሣሪያውን ይዞ ከተዋናዮቹ ጋር ይሮጥ ነበር። ጂሎ ፖንቴኮርቮ ደግሞ አልጄሪያውያን ከፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ለመውጣት ያደረጉትን ትግል የሚተርከውን «የአልጀርስ ውጊያ»ን (እ.ኤ.አ. 1966) ሲሠራ በእውነት የተዋጋውን ሳዲ ያሴፍን ራሱን ይዞ ካሜራ ፊት አቆመው፤ ቀረጻውም ውጊያው በተካሄደበት በካስባ መንደር ውስጥ ነበር። ተከታታይ ድራማ ከፊልም የሚበልጥበት ነገር አለ፤ መጠበቅን ለማሳየት ጊዜ አለው። ጦርነት በአብዛኛው መጠበቅ ነው። ባለ ሁለት ሰዓት ፊልም የሚጠብቅ ወታደር ለማሳየት ድፍረት ያንሰዋል።

እናንተ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ፍንዳታውን በኮምፒውተር በጣም ታሳምሩታላችሁ። የምታሳዩት ብርቱካናማ የእሳት ኳስ የቤንዚን ነው፤ መድፍ መሬት ሲመታ የሚነሣው ግን አቧራና ጥቁር ጭስ ነው፣ ድንጋይም ይዘንባል። ጀግናችሁ ካዝና ሳይቀይር ሙሉ መንደር ይዋጋል። ክላሽ በደቂቃ 600 ጥይት ገደማ ይተፋል፣ ካዝናው 30 ይይዛል፤ ምላጩን ስቦ ከያዘ በ3 ሰከንድ ባዶ ነው። ካዝና የሚቀይር እጅ፣ የሚንቀጠቀጥ ጣት፣ የጋለ ቀለህ አንገት ውስጥ ሲገባ የሚዘል ሰው፤ ድራማው እነዚህ ውስጥ ተኝቷል፣ እናንተ ግን እየዘለላችሁት ታልፋላችሁ። ወታደሮቻችሁም ሲሞቱ ንግግር ያደርጋሉ፤ ሁሉም ደግሞ እንደ ዜና አንባቢ ነው የሚናገሩት። በአንድ የመቶ ጦር ውስጥ የጎጃሙ፣ የወላይታው፣ የወለጋው፣ የትግራዩ፣ የሐረርጌው ልጅ አማርኛውን በየራሱ ለዛ ሲያወራ የነበረ ሠራዊት ነው። ያንን ድምፅ ስታለሳልሱት ሰዎቹም አብረው ይጠፋሉ።

በሌላ በኩል ደግሞ ከመካከላችሁ ይህን ሁሉ ከእኔ በላይ የምታውቁ እንዳላችሁ አልዘነጋም። ባለፉት ዓመታት ያንን ሁለት ድምፅ በገዛ ጆሯችሁ የሰማችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ ተኝታችሁ የሰማችሁ፣ ተሸክማችሁ የሮጣችሁ አላችሁ። ለእናንተ የምመክረው የለኝም። ለመሥራት አትቸኩሉ እንድላችሁ ይዳዳኛል፤ ደግሞ ዘግይቶ የሚጠፋውን አይቻለሁና ዝም ብላችሁ ቅረጹት እንድላችሁም ይዳዳኛል። የቱ ትክክል እንደሆነ የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ላልሰማችሁት ግን ይህን እላለሁ። በየሰፈራችሁ የዘመቱ ሰዎች አሉ። ስትሄዱ ስለ ውጊያው አትጠይቁ፤ ስለ ውጊያ የሚጠየቅ ሰው የሚመልሰው በሬዲዮ የሰማውን ነው። ምን እንደበሉ ጠይቁ። የት ተኙ፣ ካልሲ ሲረጥብ ምን አደረጉ፣ ኪሳቸው ውስጥ ምን ነበር፣ ማን ያስቃቸው ነበር ብላችሁ ጠይቁ። ካላወሩ አታስገድዱ፤ ቡናውን ጠጥታችሁ ተመለሱና በሌላ ቀን ሂዱ። ድርሰቱ ከመጽደቁ በፊት አሳዩአቸው፣ ከጸደቀ በኋላ ማሳየት ማስቸገር ብቻ ነው። ለድካማቸው ሥራው ሳይጀመር ክፈሏቸው፤ ስማቸውንም ከዋናው ተዋናይ ጎን ጻፉት።